ዩኪዮ አንገት ላይ የቀረው ካሜራ

«እዚህ አግዳሚ ላይ ስንት ሰው ነበር?» አለ የኢንሹራንሱ ሰው፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንደደገነ።

«ሦስት» አለ ሶታ ፈጠን ብሎ።

«ስማቸው?»

ናጊሳ ሳቅ መጣባት። «ሰዎች አይደሉም» አለች። «እነዚህ ናቸው።»

በአውቶቡስ ማቆሚያው ጣሪያ ሥር ሦስት የጨርቅ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሆዳቸው ገለባ፣ ዓይናቸው የኮት ቁልፍ ነው፤ እግራቸው ላይ የጭቃ ቦት ጫማ ተደርጎላቸዋል። ዳር ላይ ያለው ልጅ ቢጫ የተማሪ ባርኔጣ አድርጓል። በዚህ መንደር የቀሩት ነዋሪዎች አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። የሄደውንና የሞተውን ሁሉ እማማ ሂሳኖ የምትባል አሮጊት በጨርቅ እየሰፋች መልሳ ታስቀምጠዋለች።

የኢንሹራንሱ ሰው፣ አቶ ኦኖዴራ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው። «ምስክር የለም ማለት ነው» አለ፤ እንደዚያው ጻፈ። ከዚያ ጉሙ ሳይወርድ የቦታውን ፎቶ ለማንሳት ወደ መንገዱ ወጣ።

«አየሽ?» አለ ሶታ በሹክሹክታ። «ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፣ አለቀ። ምን ያስፈራሻል?»

«ዝም በል ባክህ።»

ነገሩ የሆነው ከአሥር ቀን በፊት፣ ሁለቱ ጓደኛሞች ፎቶ ሊያነሱ እዚህ መንደር የመጡ ቀን ነው። ካሜራውን ናጊሳ የገዛችው የሦስት አዲስ ዓመት የዘመድ የገንዘብ ስጦታ አጠራቅማ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ዓሣ ቤት ትሪ አጥባ ነው። ኢንሹራንሱንም የገባችው በራሷ ሐሳብ ነው፤ እናቷ ፈረመችላት እንጂ ውሉን ሦስት ጊዜ ያነበበችው እሷ ናት። ከወደቀ ይከፍላሉ። ውሃ ከገባበት ይከፍላሉ። ከተሰረቀ ይከፍላሉ። ባለቤቱ ረስቶት ከሄደ ግን አይከፍሉም።

እሷ ደግሞ ረስታው ነው የሄደችው። የጨርቁ ልጅ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚያይ ማወቅ አምሯት ካሜራውን አንገቱ ላይ አሰረችለት፤ በየአሥር ደቂቃው ራሱ እንዲያነሳ አደረገችው። እሷና ሶታ ራቅ ብለው ሩዛቸውን ሲበሉ የቀኑ መጨረሻ አውቶቡስ ደረሰ። ሮጡ። አውቶቡሱ ተራራውን የሚሰነጥቀውን ሦስተኛ የመኪና ዋሻ ሲያልፍ ነው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ባዶ ሆኖ ያገኘችው።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ሲመለሱ ሦስቱ የጨርቅ ሰዎች እንደተቀመጡ ነበሩ፤ ቢጫ ባርኔጣውም አለ። ካሜራው የለም።

«አቦ፣ ተሰረቀ በይና ተገላገይ» አላት ሶታ ያን ቀን። «ኢንሹራንስ የሚገባው ለመቼ ነው? አታካብጂ።» እዚያው አግዳሚ ላይ የካሳ መጠየቂያ ቅጹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በምስክርነት ፈረመላት። «ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሽማግሌ ሲያልፍ አይቻለሁ» ብሎም ጨመረበት። ነገሩ እንዲያምር ነው። በዚህ መንደር ግራጫ ጃኬት የሌለው ሽማግሌ እንደሌለ አላሰበም።

ናጊሳም ቅጹን ተቀበለችው። ለፀደዩ የፎቶ ውድድር መዘጋጃው ጊዜ ደርሷል፤ ያለ ካሜራ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ፎቶ ክለብ ውስጥ ወንበር ከማሞቅ ሌላ ሥራ የላትም። ውሸቱ ከታወቀ ውሉ ይቀደዳል፣ ትምህርት ቤቱም ይሰማል። ለፖሊስ አመለከቱ፤ ፖሊሱ ቤት ለቤት ዞሮ ጠየቀ፣ የፖሊሱ ወረቀትም ማኅተም ተመታበት። ቅጹ ተልኳል።

አሁን ከጉሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቅ አለ። ግራጫ ጃኬት ለብሷል። በጨርቅ የተቋጠረ ነገር በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ አቶ ኦኖዴራ ፊት ሲደርስ እስከ ወገቡ ጎንበስ አለ።

«ጌንዞ እባላለሁ» አለ። «የልጅቷን ዕቃ የወሰድኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

«እንዴት? አያስታውሱም እንዴ አባባ?» አለ አቶ ኦኖዴራ።

«እረሳለሁ እኮ ልጄ። ትናንት የበላሁትን እረሳለሁ። ፖሊሱ ግራጫ ጃኬት አለ፤ ጃኬቱ ደግሞ ይኸው የኔ ነው። ቤቱን ሁሉ በረበርኩ፣ አጣሁት።» ቋጠሮውን ፈታ፤ አንድ አሮጌ ሬዲዮ ነው። «እስኪገኝ ድረስ ይኼን ትያዝልኝ። ይሠራል። ዜና ይይዛል።»

ሶታ ጫማውን ማየት ጀመረ። የናጊሳ ጆሮ ጋለ። «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አለችና ወደ ተዘጋው የመንደሩ ትምህርት ቤት አቅጣጫ በዳገቱ ሮጠች። መሄጃ አልነበራትም፤ እዚያ መቆም ስላቃታት ብቻ ነው።

ግማሽ መንገድ ላይ ቀና ስትል በሁለተኛው ፎቅ መስኮት አንድ ሰው ቁልቁል ያያታል። አይንቀሳቀስም።

በሩ ክፍት ነበር። ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ደረጃውን ወጣች፤ ወለሉ ብርዱን እስከ ጉልበቷ ላከባት። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ እማማ ሂሳኖ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች።

«መጣሽ?» አለች፣ እንደተቀጣጠሩ ሁሉ። «ግቢ፣ ዩኪዮ ውስጥ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አራት ተማሪዎች ወደ ሰሌዳው ዞረው ተቀምጠዋል። ሁሉም የጨርቅ ናቸው። አንዱ እጁን አውጥቷል፤ አንዱ ተኝቷል። በመስኮቱ በኩል ያለው ብቻ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል። አንገቱ ላይ የናጊሳ ካሜራ አለ፤ እንዳይበርደው ይመስል ከሌንሱ በቀር በሱፍ ሻርፕ ተጠቅልሏል።

ናጊሳ ወደ ካሜራው ጠጋ አለች። «አውቶቡሱ ጋ... የተቀመጠው ልጅስ?»

«እሱ ኮይቺ ነው። ብርድ ሲጀምር ልጆቹን በየተራ ነው የማስገባቸው፤ ባርኔጣዋን ይቀባበሏታል። ዩኪዮ ያን ማታ ደጅ አደረ፣ በነጋታው በጠዋት አስገባሁት።» አሮጊቷ የልጁን ኮሌታ አስተካከለች። «ፊታቸው እኮ አይመሳሰልም። አላየሽም?»

አላየችም። ፎቶ አንሺ ነኝ ባይዋ ባርኔጣውን ብቻ አይታ ተመለሰች።

«ስታስሪለት ከማሳው ሆኜ አየሁሽ» አለች እማማ ሂሳኖ። «የሚመጣው ሰው ሻርፕ ያለብሳቸዋል፣ ጓንት ይሰጣቸዋል። ልጆቹ ላይ የታሰረ የልጆቹ ነው። ካሜራ የሰጠ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ዩኪዮ ከሄደ ሃያ ሁለት ዓመቱ፤ የናቱን ቀብር እንኳ አልመጣም። ስጦታ ሲያገኝ ደስ አለኝ።»

«ፖሊሱ... አልጠየቀዎትም?»

«ጠየቀኝ እንጂ። የተሰረቀ ካሜራ አይተዋል ወይ አለኝ። የተሰረቀ አላየሁም አልኩት። እኔ ያየሁት የተሰጠ ነው።»

አሮጊቷ መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች። ናጊሳ ከጃኬት ኪሷ ትርፍ ባትሪ አውጥታ፣ ካሜራውን ከልጁ አንገት ሳታወልቅ ባትሪውን ቀየረች። የተነሱትን ፎቶዎች ለማየት ፊቷን ከጨርቅ ጉንጩ ጋር ማስጠጋት ነበረባት። የገለባ ሽታ ነበረው።

የአግዳሚው ጠርዝ። ባዶው መንገድ። ጨለማ፣ ጨለማ፣ ጨለማ። ከዚያ በንጋት ብርሃን የእማማ ሂሳኖ ፊት፣ ሌንሱን እስኪሞላው ተጠግቶ። ከዚያ ይህ መስኮት። መንገዱ ከላይ ሲታይ፤ የአውቶቡስ ማቆሚያው፣ ጣሪያው የጎደለበት በኩል፤ ሁለት ትንንሽ ሰዎች ወረቀት ላይ አቀርቅረው። እሷና ሶታ። ከአሥር ደቂቃ በኋላም እንዳቀረቀሩ ናቸው። የሚቀጥለው ላይ ሶታ ይፈርማል፤ ናጊሳ ግን ቀና ብላ በቀጥታ ሌንሱን ታያለች።

ቀና ማለቷን አታስታውስም። ደጋግማ አሰበች። ያን ቀን ወደዚህ መስኮት አላየችም፤ ፎቶው ውስጥ ያለችው ልጅ ግን የሚያያትን አውቃለች።

«ናጊ!» ሶታ እያለከለከ ገባ፤ የተቀመጡትን ሲያይ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ። «እመቤቴ... ምንድን ነው ይኼ?» ከዚያ ካሜራውን አየ። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ በራ። «በቃ! ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ካሳውም ይመጣል፣ ሁለት ካሜራ ሆነ ማለት ነው። ለአንዱ እኔ...»

«ሽማግሌው ምን እየሆኑ ነው?»

ሶታ ካሜራውን ማየቱን ቀጠለ።

«ሶታ፣ ምን እየሆኑ ነው?»

«በፊርማ ፈንታ የሚመቱትን የግል ማኅተማቸውን አውጥተዋል» አለ ወለሉን እያየ። «ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ላትም እያሉ ነው። ኦኖዴራ ተዉ ይላቸዋል፣ እሳቸው አይሰሙም። እኔ... እንዲያው ለማሳመር ነው እኮ የጻፍኩት።»

ናጊሳ መስኮቱን ገፋችው፤ ተጣብቆ ነበርና በትከሻዋ ጨመረችበት። ጉሙ ወደ ክፍሉ ገባ። ከታች አባባ ጌንዞ ጎንበስ ብሎ ማኅተሙን በትንፋሹ ያሞቃል።

«አንቺ፣ ብታስቢበት» አለ ሶታ ከኋላዋ። «እኔም ፈርሜያለሁ።»

«አውቃለሁ። ያስፈረምኩት እኔ ነኝ እላለሁ። አውቶቡሱ ሳያመልጥህ መሄድ ከፈለግህ ሂድ።»

ሰውነቷን በመስኮቱ አወጣች። «አቶ ኦኖዴራ! አያሳትሟቸው!» ድምጿ ከሸለቆው ወዲያ ያለውን ማዶ መታና ተመልሶ መጣ። ሁለቱ ሰዎች ቀና አሉ። «ወደዚህ ይውጡ! ጫማዎን በሩ ላይ ያውልቁ፤ አባባ ጌንዞንም ይዘዋቸው ይምጡ!»

ሶታ በሩ ጋ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ።

ካሜራውን ከዩኪዮ አንገት አልፈታችውም። ያን እማማ ሂሳኖን ሳትጠይቅ አታደርገውም። ከአጠገቡ የነበረውን ባዶ ወንበር ሳበችና፣ በሩን እያየች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከታች በሩ ተንሸራቶ ሲከፈት፣ ከዚያም የካልሲ እግሮች በደረጃው ላይ ቀስ እያሉ ሲወጡ ተሰማ።