ፀጉር አስተካካዩና ሦስቱ ሴቶች

«ይቺን ገጽ አላየናትም፣ በቃ» አለ በችኮላው ጥድፊያ የሚሉት ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጓደኞቿ መርማሪዋ የሚሏት ልጅ የሆስፒታሉን አሮጌ መዝገብ ዘርግታ፣ የደበዘዘውን ስም ደግማ አነበበች። የፀጉር አስተካካዩ ስም ነው።

ሁለቱም የታሪክ ክበብ አባላት ናቸው። ለትምህርት ቤቱ ዐውደ ርዕይ የመረጡት ጉዳይ ከአርባ ዓመት በፊት የሆነ ነው። ያኔ በወንዙ ዳር መንገድ ሦስት ሴቶች በተለያየ ጊዜ ታንቀው ተገኙ። ፖሊስ ሦስቱንም የገደላቸው አንድ ሰው ነው ብሎ አመነ። በሦስተኛዋ ግድያ ፀጉር አስተካካዩን ጠርጥሮ አሰረው፤ ማስረጃ ሲያጣ ለቀቀው። የከተማው ሰው ግን አለቀቀውም። ደንበኞች ሸሹት፣ ሱቁ ተዘጋ፣ እሱም ከሰው እንደተነጠለ ሞተ።

ጥድፊያ ከጅምሩ «እሱ ነው» ብሎ ወስኗል። የሰውየውን ፎቶ በትልቁ አሳትሟል። መዝገቡ ግን ሁለተኛዋ ሴት በተገደለች ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር ይናገራል።

«ሰው የሚፈልገው መልስ ነው። ‹አናውቅም› ብለን ልንቆም ነው? ሙድ ነው የሚይዙብን» አለ።

ለእሷም ስንት ጊዜ የለፉበት ሥራ ነው። ቢሆንም «የገደላቸው ሌላ ሰው ነው። ጉዳዩን በዚህ ሰውዬ ስም ከዘጋነው እኛም ገዳዩን ደበቅነው ማለት ነው» አለችው።

ጥድፊያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

እሷ የመዝገቡን ቅጂ ይዛ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ናቸው። የተማሪውን ሁሉ ዩኒፎርም የሚሰፉት እሳቸው ቢሆኑም፣ ልጁን ብቻውን ወደዚያ ቤት የሚልክ ወላጅ የለም፤ የእሷም እናት ልካ አታውቅም።

የመጣችበትን እየተንተባተበች ነገረቻቸው። ሴትየዋ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ቀኑ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«የሱቁን ጣሪያ ሲጠግን ወድቆ ነው። እናቴ ብትናገር ብትናገር ማን ይስማት» አሉ። ቀጥለውም ተማሪዎቹ ገዳዩን አግኝተውት እንደሆነ ጠየቋት።

«አላገኘነውም፣ እትዬ።»

«እነዚያ ሴቶች እኮ ልጆች ነበሯቸው። እስከ ዛሬ የሚረግሙት አባቴን ነው።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ልጆቹ ለዐውደ ርዕዩ ይመጣሉ?»

የሦስተኛዋ ሟች ወንድ ልጅ እንደሚመጣ ነገረቻቸው።

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ። ሲያነበው አጠገቤ ትቆሚያለሽ?»

እናቷ ምን እንደምትል፣ ጥድፊያ ዳግመኛ ያናግራት እንደሆነ አሰበች። «እቆማለሁ» አለች።

ቤቷ ገብታ በሰፊው ወረቀት ላይ በመጀመሪያ የሦስቱን ሴቶች ስም ጻፈች። ከሥሩ ማን እንደገደላቸው እንደማይታወቅ፣ ቀጥላም ገዳዩ ፀጉር አስተካካዩ ሊሆን የማይችልበትን ምክንያት አሰፈረች። ግርጌው ላይ የራሷን ስም ጻፈችና የጥድፊያን ልትጨምር ስትል እጇን ሰበሰበች። እሱ ራሱ መጥቶ ይጽፈው እንደሆነ ብላ፣ ከስሟ አጠገብ ቦታ ተወችለት።