በጀርባው አያስተኙት

ፌርሚን ውሸታም ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ። ሌላ ጊዜ ዋሽቼ ይሆናል... ይህን ግን አልዋሸሁም። ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ፣ የማሳድጋቸው ሁለት መቶ እባቦች ሁሉም ባንዴ አንገቴ ላይ ይጠምጠሙ።

ቀኑ እሁድ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ከተማችን ጓዳላሃራ በዚያ ሰዓት የፍየል ወጧን፣ ቢሪያዋን በልታ ታሸልባለች። ውሻ እንኳ አይጮህም።

እኔ ግን የሟች ጠላቴ ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ጠላቴ ዶን ኤቫሪስቶ ይባላል። እንደኔው ፓይቶን የሚባለውን ዘንዶ አርቢ ነበር። "እንደኔው" ያልኩት ለትሕትና ነው፤ በዚህ አገር እባብ እኔን ያውቀኛል እንጂ እኔ እባብን አውቃለሁ ማለት ያንሳል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በአርቢዎች ዓውደ ርእይ ላይ፣ አንድ ሺህ ሰው እያየ፣ ይህ ሰው እባቤን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛው።

በኛ ሙያ ይህ ፈተና ነው። ጤነኛ እባብ በጀርባው ሲያስተኙት ወዲያው ይገለበጣል። ጭንቅላቱ የተነካ ግን ላዩና ታቹ ይጠፋዋል።

የኔው አልተገለበጠም።

ኤቫሪስቶም ጎንበስ ብሎ አየውና፣ "ፌርሚን፣ እባብህ መንግሥተ ሰማያት ሊገባ ነው መሰለኝ፤ በሩን እየፈለገ ነው" አለ።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን ሳቅ ተንተርሼ ተኝቻለሁ።

አሁን ግን እሱ መቃብር ገብቷል... እኔ ደግሞ ሶፋው ላይ ተንፈላስሻለሁ።

ሚስቱ ዶኛ ክሌሜንሲያ ለሟች የሚደረገውን የዘጠኝ ቀን ጸሎት ገና አልጨረሰችም። በማግስቱ ኮሊማ ወዳለች እህቷ ልትሄድ ነው። እባቦቹን ሰው ወስዷቸዋል። የቀረው አንድ ብቻ ነው። እሱን ማንም አልፈለገውም። ወሳጅ ካልተገኘ ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙ በመርፌ ሊገድለው ነው።

ሳጥኑን ከፈተችው።

ነጭ ፓይቶን። ላዩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ጥቁር መስመር። ውበቱ ልብ ያቆማል።

ከዚያ ጭንቅላቱ ተንቀጠቀጠ... ዞረ... አገጩ ወደ ላይ ሆነ። ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር የሚያይ ይመስላል።

እዚህ ላይ አስተውሉኝ። ይህ መልክ ያላቸው ፓይቶኖች ሲፈጠሩም አንገታቸው ይዞርባቸዋል። ይህ ለሌላው አይተላለፍም። ግን ቁርጥ ይህን የሚመስል ተላላፊ በሽታም አለ... ቤት ከገባ አንድ እባብ አያስቀርም። ያለ ምርመራ ማንም መለየት አይችልም። ከኔ በስተቀር።

ባለቤቴ ኤሎዲያ ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጎተተችኝ።

"ሽማግሌዬ... ተወው" አለች በሹክሹክታ።

"አብሮት የተወለደ ነው። አይቼዋለሁ።"

"ንግሥትስ?"

ንግሥት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራን የኖረች ፓይቶን ናት። ልጅ አልወለድንም። ንግሥት አለችን።

"ሦስት ወር ለብቻው፣ በሌላ ክፍል" አለች። "ማልልኝ።"

ማልኩላት።

እናንተ ግን እውነቱን እወቁት። አንጀቴ ለእባቡ ራርቶ አልነበረም። ዓውደ ርእዩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። በየሳጥኑ ላይ የአርቢው ስም የተጻፈበት ካርድ ይለጠፋል። በዚህኛው ላይ የሚለጠፈው ስም... ኤቫሪስቶ ነው።

ሳጥኑን ታቅፌ ስወጣ ዶኛ ክሌሜንሲያ በሩ ላይ አስቆመችኝ።

"ዶን ፌርሚን፣ አንድ ነገር ብቻ። በጀርባው አያስተኙት።"

"ለምን?"

"ባለቤቴ አንድ ቀን አስተኝቶት አያውቅም። 'ይህን የሚያደርግበት ሰው...' ይል ነበር።"

"ሰውየው ምን ይሆናል?"

"አልጨረሰውም" አለች። "ይስቅና ይተወዋል።"

ለሷም ማልኩላት። ባንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት መሐላ።

ሦስት ወር ያልኩት ሦስት ቀን አልሞላም። ሳጥኑን አምጥቼ እባቦቼ ካሉበት መደርደሪያ፣ ከንግሥት ሥር አስቀመጥኩት። በቀን አሥር ጊዜ እየሄድኩ ሲንቀጠቀጥ አየው ነበር። ይህ ከማንኛውም መጠጥ ይበልጥ ይጥመኝ ነበር።

ዓውደ ርእዩ ደረሰ። የኤቫሪስቶን ስም ከመንገድ እንዲነበብ አድርጌ ጻፍኩት። ሁለት ሺህ ሰው ከበበኝ።

"ኑ፣ ታላቁ ኤቫሪስቶ ያወረሰንን እዩ" አልኩና እባቡን በጀርባው አስተኛሁት።

ነጭ ሆዱ ወደ ላይ ሆነ። አልተገለበጠም።

ሳቁን ጠበቅሁ...

ማንም አልሳቀም።

እባቡ መንቀጥቀጡን አቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላቱ ጸና። በጀርባው እንደተኛ አየኝ። ከዚያ... ሳይቸኩል... ተገለበጠ። ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ እንደሚገላበጥ።

በዚያች ቅጽበት አንገቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ትንሽ ነገር ናት። ደረቅ የቶርቲያ ቂጣ ሲሰበር እንደሚሰማው።

ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ዘምማለች። አቀናኋት።

ኤሎዲያ መጥታ መለሰቻት። "ደህና አልነበረች እንዴ?" አለች።

በማግስቱ የእባቦቹ መደርደሪያ ዘመመ። አናጺ ጠራሁ። ውሃ ልኩን አስቀመጠ። ውሃ ልኩን አየ። እኔን አየኝ። የቀረበለትን ሳይጠጣ ወጣ።

ጸጉር ቆራጩ፣ "ቀና ይበሉ ዶን ፌርሚን" አለኝ። ቀና አልኩ። "ቀና ይበሉ" አለኝ። ቀና አልኩ። ሦስተኛ አልጠየቀም። መቀሱን አስቀምጦ እጁን ታጠበ።

ቢራ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ይፈሳል።

በአራተኛው ቀን... አንደኛው እባቤ ጭንቅላቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ።

በአምስተኛው ቀን ሦስት ሆኑ።

በዘጠነኛው ቀን በሩን ስከፍት ሁሉም ዘንበል ብለዋል። ሁሉም ወደ ግራ። ሁሉም እኩል። ከግድግዳው ኋላ የሚናገር ሰው የሚያዳምጡ ይመስላሉ።

ንግሥት ብቻ ተርፋልኛለች ብዬ ነበር። ለምሳዋ ከማቀዝቀዣ ያወጣሁትን አይጥ ለብ ባለ ውሃ አሙቄ በመቆንጠጫ ያዝኩላት። ተወረወረች... ሳተች። አየሩን ነከሰች። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችኝ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ፌርሚን፣ በሕይወቴ አልቅሼ የማላውቀው ሰው፣ እንደ ሕፃን ተነፋረቅሁ።

አወቅሁት። ተላላፊው ነው። ኤቫሪስቶ ከመቃብር እጁን ልኮ ቤቴን ባዶ አስቀረው። የአሥራ አንድ ዓመት ቂሜን አንድ ቀን ሳልደሰትበት ነጠቀኝ።

ለሐኪሙ ደወልኩ። ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት መጥቶ ሁለት መቶዎቹንም በመርፌ እንዲገላግላቸው ተስማማን። ንግሥትን የመጨረሻ ላይ።

ዛሬ እሁድ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ይህን የምጽፍላችሁ ንግሥትን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው። እንድትጠነቀቁ ብዬ ነው። በቂም ያመጣችሁትን እንስሳ...

ኤሎዲያ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች። መቼ እንደመጣች አልሰማሁም።

"አሥራ አራት ናቸው" አለች ቀስ ብላ። "ሁለት መቶ አይደሉም።"

"እሺ፣ አሥራ አራት።"

"ሐኪሙን አስቀርቼዋለሁ።"

"አበድሽ? ንግሥትን እያት እስቲ።"

"በየቀኑ አያታለሁ" አለች። ድምፅዋ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የምትፈራ ዓይነት ነበር። "አንዱም አልታመመም ፌርሚን። የንግሥት አንገት ቀጥ ያለ ነው። የሁሉም ቀጥ ያለ ነው። የኤቫሪስቶ እባብ እንኳ ከዓውደ ርእዩ ወዲህ አንድ ጊዜ አልተንቀጠቀጠም።"

"ታዲያ ይሄ የማየው ምንድን ነው?"

ዞራ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች። ሁለት እጆቿን ጉንጮቼ ላይ አደረገች። ቀዝቃዛ ነበሩ።

"የዘመመው ያንተ አንገት ነው፣ ሽማግሌዬ... ከዓውደ ርእዩ ቀን ጀምሮ።"

ቀስ አድርጋ ልታቀናኝ ሞከረች።

አልቀና አለ።