የዶክተር አንሴልሞ ጓንት

መጀመሪያ የተሰማው የሕፃን ሳቅ ነበር። ኢንስፔክተር ኤውዶሲያ ቱዋናማ ከጀልባዋ እንደወረደች ቆም ብላ አዳመጠች። ሰው በሞተበት ግቢ ሳቅ አልለመደችም።

በወንዙ ዳር ያለው ጣቢያ የሌሊት ወፎች ወደ ሰው የሚያስተላልፉትን ቫይረስ ያጠናል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ፣ ዶክተር አንሴልሞ ፒንቺ፣ ከአፍንጫውና ከድዱ ደም ሲፈሰው ሰንብቶ ትናንት ሞቷል። አስከሬኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተጋድሟል፤ የሚጠጋው የለም።

«አዲስ ቫይረስ ነው» አሉ የጣቢያው ኃላፊ ዶን ሩፐርቶ ከሩቅ ሆነው። «የሌሊት ወፏ በተቀደደ ጓንት በኩል ነክሳዋለች። ጓንቱን የምትሰፋው ይቺ ናት። እስር ቤት ትገባለች!»

የጣቢያው ረዳት ያዲራ ደነገጠች። «እናቴ ትሙት ሰፍቼዋለሁ!»

«አንቺ መርፌ መያዝ የት ታውቂና! የሰው ባል መያዝ ነው የምታውቂው» አለች የሟቹ ሚስት ዶክተር ግሪሴልዳ። በእቅፏ ያለችው ልጇ ፀጉሯን እየጎተተች ትስቃለች። የግሪሴልዳ ዓይን ግን ወደ አስከሬኑም ወደ ልጇም አልሄደም፤ ያዲራ ላይ እንደተተከለ ነው።

ኤውዶሲያ የላስቲክ ጓንት አጥልቃ የሟቹን የቆዳ ጓንት ገለበጠችው። ስፌቱ ደህና ነው። ውስጡ ግን ያዳልጣል።

«ምን ቅባት ነው ይሄ?»

«ደም መጣጮቹን የሌሊት ወፎች ማጥፊያ ነው» አለች ያዲራ ግራ ተጋብታ። «አንዷን ይዘን ጀርባዋን ቀብተን እንለቃታለን። ዋሻ ስትመለስ ሌሎቹ ይልሷታል፤ ከዚያ ደማቸው አልረጋ ብሎ ፈስሶ ያልቃሉ።»

«ቅባቱ የሚቀመጥበት ሳጥን ቁልፍስ ማን ጋ ነው?»

«ሦስታችንም ጋ አለ» አሉ ዶን ሩፐርቶ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ሲሞት ማን አጠገቡ ነበር?»

«ምን እዋሻለሁ፣ እኛማ ሸሸን» አሉ ዶን ሩፐርቶ። « ግሪሴልዳ ብቻ በባዶ እጇ አቅፋ ሳመችው።»

«ከዚያስ?»

«ሕፃኗ አለቀሰች» አለች ያዲራ። «ሮጣ አነሳቻትና እጇን ሳትታጠብ እዚያው አጠባቻት።»

ኤውዶሲያ ሦስቱንም ምሳ በሚበሉበት ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠች።

«ጓንቱ አልተቀደደም፤ ስለዚህ ወፍ አልነከሰችውም። የገደለው ቀን በቀን በቆዳው የሰረገው ቅባት ነው። ማን ቀባው? ቫይረስ ነው ብሎ የፈራ ሰው አይደለም። እርስዎ ዶን ሩፐርቶ፣ እስካሁን በሩን የሚከፍቱት በክርንዎ ነው። ያዲራ ደጋግማ ስትታጠብ እጇ ተልጧል። ሐዘን ራስን ያስረሳል፤ ባሏን በመሳሟ አልፈርድባትም። ግን ቫይረስ የምታጠና እናት ደም በነካው እጇ ልጇን አታጠባም። ደሙ በሽታ እንደማያስተላልፍ የምታውቀው ቅባቱን የቀባችው ሴት ብቻ ናት።»



«ዋሻው ውስጥ ከሷ ጋር ሲስቅ እሰማው ነበር» አለች ግሪሴልዳ በመጨረሻ። «ከኔ ጋር ስቆ አያውቅም።»

«ስለ ሕፃኗ ነበር የሚያወራኝ» አለች ያዲራ። «ጥርስ አወጣች፣ ጣቴን ነከሰችኝ እያለ።»

ግሪሴልዳ ተነሳች። ልጇን ያዲራ ጭን ላይ አስቀመጠችና ወደ ኋላዋ ሳትዞር ወደ ኢንስፔክተሯ ጀልባ ወረደች።