ጨመዳን የጣለው ጎማ

የወባ ማጥፊያ ሠራተኛው ጨመዳ በዴዴሳ ቁልቁለት ከሞተር ሳይክሉ ተፈናጥሮ ሞቶ ሲገኝ፣ የነቀምቴ ሰው ገዳዩን ለመሰየም አልዘገየም። ጎማ ጠጋኙ ጉሉማ ነው ተባለ። ከሟቹ ጋር በመሬት ወሰን ተካሷል፤ ከመንገዱ በፊት የኋላውን ጎማ የጠገነለትም እሱ ነው። ያ ጎማ ደግሞ ከሬሳው አጠገብ ተንፍሶ ተገኘ።

ነገሩን የያዘው የፖሊስ ሻምበል አበጋዝ የታሰረውን ጉሉማን አስጠራው።

«ሆን ብለህ ነው?»

«ጌታዬ፣ ወሰን ሌላ፣ ጎማ ሌላ። ሰው የሚሄድበትን አበላሽቼ አላውቅም።»

ሻምበሉ የውስጡን ጎማ አስነፍቶ ውሃ ውስጥ ነከረው። ጥጋኙ አንድ አረፋ አላወጣም። አየሩ የሚያመልጠው ከሌላ ጎን ነበር፤ እዚያ ላይ የውጭው ጎማ በሞረድ የተፋቀ ያህል ተበልቷል።

ዴዴሳ ወርዶ መንገዱን አየ። ጠጠሩ ላይ ረጅም ቦይ ተስቧል። የሚሽከረከር ጎማ እንዲህ አያርስም፤ ተቆልፎ የተጎተተ እንጂ። የሞተሩን ማስነሻ ቢረግጠው ንቅንቅ አላለም። ከነዳጅ ጋኑ ቤንዚን በጣቱ ነክቶ አሻሸ። ደረቅ ነው፤ ዘይት የለበትም።

«ይህ ሞተር ቤንዚን ብቻውን አይሆነውም» አለ የጨመዳ ባልደረባ ታፋ። «ዘይት ቀላቅዬ የሞላሁት እኔ ነኝ። ራሱ ቆሞ አይቷል።»

«ከዚያስ የት አደረ?»

«ቤቱ።»

ከጨመዳ ቤት ጓሮ፣ ሞተሩ ይቆምበት ከነበረው ጥግ፣ ሣሩ ጠውልጎ በዘይት ያብለጨልጫል። ሻምበሉ ሐዘንተኛዋን ሚስት ሎሚን ጠየቃት።

«ከታፋ በኋላ ሞተሩን የነካ አለ?»

«ማንም። እኔ ብቻ ነኝ፣ እንዲያምርለት ብዬ ያሰናዳሁት።»

ሻምበሉ ሌላ አልጠየቃትም። ያን ቀን ምሳም አልበላም።

በማግስቱ ለቀስተኛው ባለበት ጉሉማን ከነካቴናው አስመጣው። ጥጋኙ እንዳልለቀቀ፣ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ቁልቁለቱ ላይ ድንገት ተጣብቆ እንደቆመ፣ የኋላው ጎማ በዚያው ተቆልፎ እየተጎተተ እንደተቀደደ አንድ በአንድ አስረዳ።

«ጉሉማ ንጹሕ ነው» ብሎ ሊቋጭ ሲል ታፋ ተነሣ።

«ታዲያ የእኔን ቅልቅል ማን ደፋው?»

ሻምበሉ አቀረቀረ። «የማያውቅ ሰው ነው። እዚህ ላይ ይብቃን።»

«ቤንዚኑ ጠቁሮ ነበር» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ መካከል ተሰማ። ሎሚ ነበረች። «ቆሻሻ ገብቶበታል፣ ጭሱም ያስለዋል ብዬ እኔ ደፋሁት። ንጹሑን ቤንዚን ገዝቼ ሞላሁለት። ሩቅ ነው የሚሄደው ብዬ...»

ሰው ሁሉ ወደ ጨመዳ እናት፣ ወደ ድርቤ ዞረ። አሮጊቷ ተነሥተው በዝግታ ሄዱና ከምራታቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» ብለው ራሷን ወደ ጉያቸው ሳቡት። ያኔ ሎሚ ጮኸች።

ጉሉማ ካቴናው ተፈቶለት ሻምበሉን ተከትሎ ወጣ።

«ዝም ቢሉስ ኖሮ፣ ጌታዬ?»

«አንተን ይሰቅሉህ ነበር።»

ጉሉማ የተላጠ የእጁን አንጓ አሻሸ። ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ትቶ ተመለሰና ከለቀስተኞቹ ጋር ተቀመጠ።