ሳልደውል ያደረግኩት ራይት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን አልጨመርኩበትም። አፍሬ ቀንሼ እንደሆነ እንጂ...

ቀኑ ሐሙስ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ በመስታወቱ አልፋ ጠረጴዛዬ ድረስ ገብታለች። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ፣ ሰው በመንገዱ ይተላለፋል።

የምሠራው የጌጥ መብራት መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ከሸጥናቸው መሃል አንድ አበባ የሚመስል የነሐስ የጠረጴዛ መብራት ነበር። ማማሩን አትጠይቁኝ!

ሰኞ ጠዋት ከአስመጪው ማስታወቂያ መጣ። የውስጡ ሽቦ ይላጣል፣ ነሐሱን የነካ ሰው ኮረንቲ ይይዘዋል፣ የተሸጠው በሙሉ ይሰብሰብ ይላል።

አለቃዬ የገዢዎቹን ደብተር ሰጠችኝ። ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው እደውላለሁ፣ መብራቱን ከሶኬት ነቅለው ገመዱን በመቀስ እንዲቆርጡት እነግራቸዋለሁ። የተቆረጠውን ፎቶ አንስተው ሲልኩልኝ ስማቸው ጎን ራይት አደርጋለሁ። ሥራው ይኸው ነው።

ስምንቱን ጨረስኩ።

ዘጠነኛዋ ከሱቃችን ጀርባ ያሉት ልብስ ሰፊ እትዬ ነበሩ። "የኔ ዓለም" ነው የሚሉኝ። ደግ ናቸው... ግን ስልክ ካነሱ መዝጋት አያውቁም። የጉልበታቸው ሕመም፣ የስፌት መኪናቸው አመል፣ ታናሽ እህታቸው አለመደወሏ... ሰዓቱ እልም ይላል። እኔ ደግሞ ርቦኛል።

ነገ እደውላለሁ አልኩ።

አለቃዬ ብቅ አለች። "ሁሉም ጋ ደወልሽ?"

"ሁሉም ጋ።"

ራይቱን አደረግኩ። በቃ።

ይባስ ብሎ ያንን መብራት የመረጥኩላቸው እኔ ነበርኩ። መርፌ እንዳይወጋቸው የሚያጠልቋትን የብረት ቆብ ከጣታቸው ሳያወልቁ ነበር የመጡት። "ይሄ ይሻልዎታል እትዬ፣ ክር ሲያስገቡ ዓይንዎ አይቸገርም" ብዬ አሞካሽቼ ሸጥኩላቸው።

ማክሰኞ ረሳሁት። ረቡዕ ትዝ ሲለኝ፣ "ምን ይሆናሉ ብለሽ ነው" እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ የሱቁ ሞባይል ጠራ። የእትዬ ቁጥር ነው።

"የኔ ዓለም..."

በሹክሹክታ።

"እትዬ! ውይ፣ አሁን ልደውልልዎ ስል! ያ መብራት..."

"አውቄያለሁ።"

ከጀርባቸው የሆነ ነገር ዝዝዝ... ይላል።

"ነቅለውታል?"

"ተነቅሏል።"

"እሰይ! አሁን ገመዱን ይቁረጡት።"

"እጄ እምቢ አለኝ... አይላቀቅም። ነይና ቁረጪልኝ።"

ዘጉት። ስለ ጉልበታቸው አንድ ቃል ሳያነሱ ዘጉት።

ሮጥኩ።

በሩ ክፍት ነው። አንዲት ሴት ጨርቅ እያጣጠፈች ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ፊቷ ቁርጥ እትዬን።

"እትዬ የሉም?"

"እህቴን ነው?" ቀና ብላ አየችኝ። "አልሰማሽም እንዴ... ማክሰኞ አረፈች።"

"ማክሰኞ?"

"ልብ ነው አሉ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አገኘናት፣ ያንን መብራት ጨብጣ። ጣቶቿን ለማላቀቅ አበሳችንን አየን።"

የበሩን መቃን ያዝኩ።

"ስልካቸውስ?" አልኩ እንደምንም።

"ባትሪው እንዳለቀ ነው። መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።" እንባዋን በጨርቁ ጠረገች። "አንድ ሰው ደውሎላት ቢሆን ኖሮ እላለሁ... እኔም እኮ አልደወልኩም።"

መብራቱ የስፌት መኪናው አጠገብ ቆሟል። ከሶኬት ተነቅሏል።

ልንገራት? እግዜር ያውቃል፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ልብ አይደለም፣ አንቺም አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ልላት ነበር።

"ይሄ መብራት... ተመላሽ ነው። ልውሰደው" ብቻ አልኩ።

"ውሰጂው የኔ እህት። አስበሽ መጣሽ፣ ተባረኪ።"

መረቀችኝ! ምናለ ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ገመዱን በእትዬ መቀስ ቆረጥኩት። መብራቱን ሳቅፈው ነሐሱ ሞቀኝ። ሰው ጨብጦት የቆየ ነገር እንዲያ ነው የሚሞቀው።

ሱቅ ስደርስ መስኮትም አምፖልም የሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩበት። ገና ቁጭ ከማለቴ ስልኩ ጮኸ።

ከእትዬ ቁጥር ፎቶ ተልኳል።

የቆረጥኩት ገመድ ነው። ገመዱን እጅ ይዞታል... ጣቱ ላይ ያቺ የብረት ቆብ አለች። ጠቁራለች።

ከፎቶው ሥር አንድ መስመር ተጽፏል።

"አሁን ራይት አድርጊ፣ የኔ ዓለም።"

ደብተሩን ገለጥኩ። አንድ፣ ሁለት እያልኩ ቆጠርኩ። ስምንት ራይት። ሰኞ በገዛ እጄ ያደረግኩት ዘጠነኛው የለም። የእትዬ ስም ብቻውን ተቀምጧል።

እስክሪብቶ አነሳሁ... አልቻልኩም። መልሼ አስቀመጥኩት።

ዞር ስል በዕቃ ቤቱ በር ሥር ቢጫ ብርሃን ወለሉ ላይ ፈስሶ አየሁ።