ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት

ትርሲት ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቋ ፎቶ ኮፒ ስታነሳና በሰው ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈንና መዝሙር ስትጭን ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከምሳ በኋላ ዝናብ ሲወርድ ሰው ዝር አይልም፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ማሽኑ የሞቀ ቀለም ይሸታል፣ እሷም ጌም ትከፍታለች። የዛሬውን አንድ ደንበኛዋ ራሱ ሠርቶ «ሞክሪውና አስተያየትሽን ንገሪኝ» ብሎ ነው የተወላት። መኪና የለው፣ ጥይት የለው! ሲከፈት ተራ ዴስክቶፕ ነው፤ ፎልደሮች፣ ሰዓት፣ ጥግ ላይ የቆሻሻ ቅርጫት። ጨዋታው እየከፈቱ መፈለግ ብቻ ነው።

«ይሄም ጌም ሆኖ!» ብላ ሳቀች።

ፎልደሮቹ ግን እሷ በራሷ ኮምፒውተር ላይ በደረደረቻቸው ተራ ነው የተቀመጡት። ኮምፒውተሬን አይቶ ይሆናል ብላ አለፈችው። ቅርጫቱን ስትከፍት አንድ የድምፅ ፋይል ብቻ አገኘች። «ፌቨን» ይላል፤ ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ።

ስሙን ደግማ አነበበችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት፣ ከመንገዱ ማዶ አትክልት የሚሸጡት እትዬ አስካለ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ካርድ ፈትተው መዝሙር እንድትጭንላቸው ሰጧት። ካርዱ ሞልቶ ነበር። እሷም ምን እንዳለበት ሳታይ፣ እንደ ልማዷ ፎርማት አደረገችው፤ የነበረበት ሁሉ ጠፋ። ለካ የሟች ልጃቸው የፌቨን ድምፅ ያለው እዚያ ብቻ ነው! «ተበላሽቶ ነው የመጣው» አለቻቸው፤ ካርዱም እሷው ዘንድ ቀረ። «እኔው ነኝ፣ ላቤ ነክቶት ነው» ብለው ራሳቸውን ሲረግሙ ዝም ብላ አየቻቸው።

ፋይሉን ነካችው። የልጅ ሳቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ «እማዬ፣ እየቀዳሽ ነው?» የሚል ቀጭን ድምፅ። ስክሪኑ ላይ መጻፊያ ሳጥን ወጣና «ማን አጠፋኝ?» አለ።

«ካርዱ ተበላሽቶ ነው» ብላ ጻፈች፤ ጣቷ ለምዶታል። ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ እንዳለ ነው፤ የዝናቡ ድምፅ ግን ጠፍቷል።

«ትርሲትዬ፣» አሉ እትዬ አስካለ፣ ላስቲክ ተከናንበው ደጃፉ ላይ ቆመው። «እንደው ምናልባት... የልጄ ነገር?»

መናገር ፈለገች። እግዜር ያውቃል፣ ፈልጋ ነበር።

«እንዳልኩዎት ነው እትዬ፣ ካርዱ ነው።»

አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ወደ ስክሪኑ ዘወር ስትል ከፋይሉ ዘጠኝ ሰከንድ ቀርቷል። ስምንት። እንባዋ እየወረደ ጻፈች፦ «እኔ ነኝ። ሳላይ ፎርማት አደረግሁት። ከዚያም ዋሸሁ።»

ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት። ሁሉም ተመለሰ! አዲስ ካርድ ላይ ገለበጠችውና በዝናቡ ሮጣ መንገዱ መሃል ደረሰችባቸው። አሁን እንኳ እውነቱን መናገር ትችል ነበር።

«ተገኘልዎት! ኮምፒውተሩ ከተበላሸው ካርድ ላይ ለቅሞ አወጣው!»

እትዬ አስካለ ደጋግመው መረቋት። ከአንድ በረንዳ ሥር ተጠልለው፣ ካርዱን ስልካቸው ውስጥ ከተው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ፈገግ አሉ። ቆይቶ ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ልጄ፣» አሉ በዝግታ፣ «ይሄ እኮ ያንቺ ድምፅ ነው።»

ትርሲት «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ከአፏ ግን ድምፅ አልወጣም፤ ቃሉ የተሰማው ከስልኩ ውስጥ ነበር።