በጨው የታጠበው ሽጉጥ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ የሙሉሰውን ነገር ላጫውታችሁ። ሙሉሰው አሮጌ ዕቃ ወዳድ ነበር፤ የትም የተጣለ ፋኖስ ካየ ወልውሎ ሳያበራው እንቅልፍ አይወስደውም። አባቱ ሲሞቱ የገጠሩን ቤት ወረሰና፣ በክረምቱ መግቢያ ከእርጉዝ ሚስቱ ከአንጓች ጋር ጣሪያውን ሊያድስ ወረደ። ከምድጃው በላይ ያለው ምርጊት ሲረግፍ በጨርቅ የተጠቀለለ ሽጉጥ እግሩ ሥር ወደቀ፤ የጥንት፣ ስድስት ጎራሽ፣ ዝገት እንደ እከክ የወረሰው።

ደስታውን አትጠይቁኝ። ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ ስቦ ጥጥ በላምባ እየነከረ ዝገቱን ያርሳል፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጋል፣ በልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ይወለውላል። ችኮላ የለም፤ ብረት እንደ ሕፃን ገላ ነው የሚታጠበው ባይ ነው።

አክስቱ እትዬ ዘርትሁን ከወንዙ ማዶ ሊጠይቁት መጥተው ደጃፉ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«አንተ! ይኼን ማን አውጣ አለህ?»

«ግድግዳው ራሱ ነው ያወጣው፣ እትዬ። አያምርም?»

«አባትህ የአንጓችን አያት የገደለበት ነው እኮ! ሰውየው በእንግድነት መጥቶ፣ እዚሁ ምድጃ ዳር ጀርባውን ሰጥቶ ሲሞቅ። አባትህ ‹እንግዳ እሳቱን ይሙቅ› እያለ፣ እየሳቀ ነው የተኮሰው።»

ሙሉሰው ግድያውን ያውቃል፤ እሱና አንጓች የተጋቡትም ከዚያ በኋላ በወረደው እርቅ ነው። መሣሪያው ይኼ መሆኑን ግን አያውቅም ነበር።

«ሽማግሌዎቹ ደሙን ሲያደርቁ በጨው ውሃ አጥበው መረጉት፤ ዝጎ ሲያልቅ ቂሙም አብሮ ያልቃል ብለው። መልሰህ ምረገው፣ ልጄ።»

«እኔ የማጸዳው ብረት ነው እንጂ ቂም አይደለም፣ እትዬ» ብሎ ሳቀ።

«ሳቅ! አባትህም ሳቂታ ነበር» አሉና ወንዙ ሳይሞላ ተጣድፈው ሄዱ።

ወንዙም ሞላ፤ የእንጨቱን ድልድይ ጠራርጎ ወሰደው። ዝናቡ በጣሪያው ላይ እንደሚፈስ ጠጠር ሲወርድ ዋለ፤ ቤቱም በቀትር ጨለመ። ከጥጡ ላይ የሚወጣው ዝገት ቀይና እርጥብ ነበር፤ ከላምባውና ከእርጥብ ጭቃው ሽታ ጋር፣ ያን ሁሉ ዘመን ካልተተኮሰበት አፈሙዝ አሁን የተተኮሰ የመሰለ የባሩድ ሽታ ይወጣ ጀመር። ሙሉሰው ቃታውን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ጥጥ ሊያነሳ ዘወር ሲል ከኋላው ቀጭ ይላል፤ ሲያየው ቃታው ተስቧል። አርጅቶ ነው እያለ ይመልሰዋል፤ ደግሞ ቀጭ።

«ሙሉ፣ የበሩ መቀርቀሪያ አልከፈት አለኝ» አለች አንጓች።

«ዝናቡ ነው።»

«ትናንት አንተው ዘይት ቀብተኸው የለም እንዴ?»

ተነስቶ አየው። መቀርቀሪያው በዝገት አብጦ ከማቀፊያው ጋር አንድ ሆኗል። ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ማጠፊያዎቹም እንደዚያው፣ ምስማሮቹም እንደዚያው። ዞሮ ጠረጴዛውን ሲያይ፣ ሽጉጡ በዚያ ጨለማ ውስጥ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ያበራል። ያን ጊዜ ገባው፤ እሱ የፈተገው ዝገት አልጠፋም፣ ቤቱ ውስጥ ነው ያለው።

መጥረቢያውን አንስቶ በሩን ሊመታ ሲል ስለቱ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ እግሩ ላይ ረገፈ። ያለውን ጨው ሁሉ በውሃ በጥብጦ ሽጉጡን ነከረው፤ ውሃው ኮባ ቅጠል ላይ እንዳለ ጠብታ እየተንሸራተተ ወረደ እንጂ አልነካውም።

አንጓች እትዬ ዘርትሁን ያሉትን ሁሉ ሰምታለች፤ ዓይኗን ከሽጉጡ ላይ አልነቀለችም። አስተያየቷ አስፈራው። የአያቷ ደም ቢቀሰቅሳትስ? እሱስ ቢሞት ይሁን፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ በአባቱ ደም የታጠበች እናት ሊኖረው ነው? ሽጉጡ ጥይት እንኳ የለውም ብሎ ራሱን አጽናና፤ በየጥይቱ ጉድጓድ ጥጥ ያሳለፈው ራሱ ነው። ቢሆንም እጇ እንዳይገባ ብሎ ወገቡ ላይ ሻጠው። ጥይት የጎረሰ ያህል ከበደው፤ ቅድም እንዲህ አልከበደም ነበር። ብረቱም ሞቀው፤ እንደ ሰው እጅ ሞቀው።

«በረደኝ» አለች አንጓች። በርጩማውን ወደ ምድጃው ጎትታ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ። እሳቱ ተንጣጣ። ዝናቡ ድንገት ቆመ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሙሉሰው ሲያይ ሽጉጡ ከወገቡ ወጥቶ እጁ ውስጥ ነው፤ አውራ ጣቱም ቃታው ላይ።

«ሙሉ፣ ያን ነገር አስቀመጥከው?» አለችው ሳትዞር።

«እንግዳ እሳቱን ይሙቅ» አላትና፣ በአባቱ ሳቅ ሳቀ።